ደራርቱ የጠፋችባቸው ሁለት ዓመታት

መጋቢት 16 ቀን 1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ደርሃም ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ተካሄደ። ደራርቱ ቱሉ ከቦታው የደረሰችው ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር። መንገድ ላይ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሙሉ ቀንና ሌሊት ተጉላልታለች። መለያዋን ለብሳ ወጣች፣ ሮጠች፣ አንደኛ ሆነች። አየርላንዳዊቷ ካትሪና ማኪየርናን ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ወጣች።

ይህን ታሪክ ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው አውሮፕላን ማረፊያውን ነው። በእርግጥም ያስደንቃል። እኔን ግን ከዚያች አንዲት ሌሊት ይልቅ ከእሷ በፊት ያለፉት ሁለት ዓመታት ይከብዱኛል። ደራርቱ በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ ገና 20 ዓመቷ ነበር፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከዚያ እ.ኤ.አ. 1993ን እና 1994ን በጉልበት ጉዳት ከውድድር ርቃ አሳለፈች። ስሟ በሁሉ አፍ በነበረበት ወቅት፣ የአንድ ሯጭ ምርጥ ዕድሜ በሚባለው ጊዜ፣ ሜዳ ላይ አልነበረችም። ስትመለስ ደግሞ ሁሉም ነገር ወዲያው አልተስተካከለላትም። እ.ኤ.አ. በ1995 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጎተንበርግ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በፖርቱጋላዊቷ ፈርናንዳ ሪቤይሮ ተቀድማ ብር አገኘች። በ1996 አትላንታ ላይ ጉዳት ይዛ ሮጣ አራተኛ ወጣች። ልጅ ወልዳ ተመልሳ ሲድኒ ላይ በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ሁለተኛ ወርቋን ስትወስድ፣ ከባርሴሎና ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። በ2009 የኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው በ37 ዓመቷ ነው።

ጉልበቱን ተጎድቶ የወጣ ስፖርተኛ ከወደቀበት ቀን አንሥቶ እስከሚመለስበት ቀን ድረስ ምን ይሆናል? ጊዜው ለምን ያን ያህል ይረዝማል? «ገና ነህ» የሚለውስ ማን ነው? ይህን ስጽፍ በዓይኔ ላይ ያሉት የይፋት ቆላ ልጆች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲሄዱ ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ከዚያ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ቀጥሎ ካራቆሬ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ዳር ፀሐይ በረድ ስትል ኳስ ይወጣል። በበጋ መሬቱ ደርቆ ይጠጥራል፣ ይሰነጠቃል፤ ታኬታ ያለውም የሌለውም አብሮ ይሮጣል።

ጉዳቱ የሚደርስበት መንገድ የትም ቦታ አንድ ነው። ልጁ ኳሷን እየገፋ ሄዶ ተከላካዩን ለማታለል አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይዞራል። ማንም አልነካውም። ጉልበቱ ውስጥ «ቋ» የሚል ነገር ይሰማዋል፣ አንዳንዴ አጠገቡ የቆመውም ይሰማዋል። ይወድቃል። ውኃ ይፈስበታል፣ ይታሻል፣ ተደግፎ ይወጣል። ሳይመሽ ጉልበቱ ያብጣል። በሦስተኛው ሳምንት ማነከሱን ይተዋል፤ በሁለተኛው ወር ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ በሦስተኛው ወር ማሊያ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የሚከለክለው ካልተገኘ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ያው እግር ሲተከል ጉልበቱ ይከዳዋል። የብዙ ልጆችን ጨዋታ የሚጨርሰው ይህ ሁለተኛው መውደቅ ነው። ጅማት ብቻውን ተበጥሶ የነበረው፣ አሁን በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ለስላሳ አጥንት ይዞ ይቀደዳል።

ጉልበት ከሰውነት መጋጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች ቅልጥም፣ ከፊት ሎሚው አለ። የጭኑ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፣ የቅልጥሙ አናት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ስለዚህ በቅርጻቸው አይያያዙም። የሚይዟቸው ጅማቶች ናቸው። ሁለቱ በግራና በቀኝ በኩል ይወርዳሉ፤ ሁለቱ ደግሞ በመጋጠሚያው ውስጥ ተጠላልፈው ያልፋሉ፤ ሐኪሞች መስቀለኛ ጅማቶች ይሏቸዋል። የስፖርት ጋዜጠኞች «ኤሲኤል» እያሉ የሚጠሩት የፊተኛውን ነው። ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በጤናማ ወጣት ላይ ግን ከ200 ኪሎ በላይ ጭነት ችሎ ይቆማል። ሥራው ቅልጥሙ ከጭኑ ሥር ወደ ፊት እንዳይሾልክና ከልክ በላይ እንዳይጠመዘዝ መያዝ ነው።

ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ ለሚራመድ፣ ቀጥ ብሎም ለሚሮጥ ሰው ይህ ጅማት ብዙ አያስፈልገውም። ተበጥሶም ገበያ መሄድ፣ ከብት መንዳት፣ ደረጃ መውጣት ይቻላል። የሚፈለገው እግር ተተክሎ ሰውነት በሚዞርባት ቅጽበት ነው። ከአሥር ጉዳቶች ሰባት ያህሉ የሚደርሱት ማንም ሳይነካ፣ በመዞር ወይም ከዝላይ በማረፍ ላይ ነው፤ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ ጅማቱ አልቋል። ጡንቻ ነቅቶ እስኪይዝ ጊዜ የለም። ስለዚህ «ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ ድኗል» የሚለው ፍርድ ጅማቱ በማይሠራበት ሥራ ጅማቱን መፈተን ነው።

እብጠቱም ይናገራል። በጅማቱ ውስጥ የሚያልፉ የደም ሥሮች አብረው ስለሚበጠሱ ጉልበቱ በደም ይሞላል፤ በዚህ ምክንያት እብጠቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። በማግስቱ ቀስ ብሎ የሚያብጥ ጉልበት ብዙውን ጊዜ ሌላ ጉዳት ነው። ከጎን ያሉት ጅማቶች ሲቀደዱ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይጠግናሉ። የፊተኛው መስቀለኛ ግን የሚኖረው በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ደሙ በተበጠሱት ጫፎች መካከል ረግቶ ድልድይ እንዳይሠራ ፈሳሹ ያጥበዋል። በዚያ ላይ ጉልበት ሲያብጥ አንጎል የፊት ጭን ጡንቻን ያዳክመዋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭኑ ይከሳል፤ በሜትር ቢለካ ልዩነቱ ይታያል።

ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰውን አይሰፋም። ከሎሚው በታች ካለው ወይም ከኋላ ጭን ከሚወርደው ጅማት ቁራጭ ይወሰዳል፤ በጭኑ አጥንትና በቅልጥሙ ውስጥ ቀዳዳ ተበስቶ ያ ቁራጭ በአሮጌው ጅማት ቦታ ያልፍና በብሎን ይታሰራል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አልሚ ከማንም በላይ ይረዳዋል። ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ ሲተከል መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ሥር እስኪይዝ ድረስ ቆሞ ቢታይም አልቆመም። የተተከለው ጅማትም እንዲሁ ነው። ከደም ሥሩ ስለተነጠለ ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተተከለበት ቀን ይልቅ እየደከመ ይሄዳል። ቀስ በቀስ አዳዲስ የደም ሥሮች ይገቡበታል፣ አዲስ ሕዋሳት ይሰፍሩበታል፣ ጭረቶቹ ጭነቱ በሚመጣበት አቅጣጫ እየተሰለፉ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

አሁን ሁለቱን የጊዜ መስመሮች ጎን ለጎን እንያቸው። በሦስተኛው ወር ሕመሙ የለም፣ እብጠቱ ጠፍቷል፣ ልጁ እየሮጠ ላብ እያፈሰሰ ነው። ጅማቱ ግን ያን ጊዜ ደካማ ነው። ሕመም የሚጠብቅ ዘበኛ ነበር፤ ዘበኛው ከሥራው ሲነሣ ቤቱ ገና አልተሠራም። የደላዌርና የኦስሎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ወደ ጨዋታ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ያህል፣ በትክክል በ51 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሌሎች ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ደግሞ ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት ከአራቱ አንዱ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ያንኑ ወይም የሌላኛውን እግር ጅማት ዳግም በጥሷል። ወደ ጨዋታ ከመመለስ በፊት ዘጠኝ ወር ይጠበቅ የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

የጉልበት ጉዳት እጅግ ከተመዘገበባቸው፣ ከተቀረጸባቸው፣ ከተወራባቸው ስፖርቶች አንዱ የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በዚያ ጨዋታ ራኒንግ ባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሷን በክንዱ አቅፎ በግዙፋን ተከላካዮች መካከል ቀዳዳ ፈልጎ ይሮጣል። ኑሮው እግር መትከልና መዞር ነው። በዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚጫወቱት የ18፣ የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ኒክ ቸብ በጥቅምት 2015 ከቴነሲ ጋር ሲጫወቱ ገና በመጀመሪያው ሩጫ ግራ ጉልበቱ ተገነጠለ፤ የፊተኛው መስቀለኛ ተረፈ፣ የኋለኛውና የሁለቱ ጎን ጅማቶች ግን ተበጠሱ። ከ11 ወር ገደማ በኋላ በመስከረም 2016 አትላንታ ላይ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ተሰለፈ። ኳሷን 32 ጊዜ ተቀብሎ 222 ያርድ፣ ማለትም 200 ሜትር ያህል ተከላካይ እየጣሰ ሮጠ።

ከእሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የሳውዝ ካሮላይናው ማርከስ ላቲሞር ነበር። በ2011 የግራ ጉልበቱ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ፤ ሠርቶ፣ ታግሦ በ2012 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቀኝ ጉልበቱ ከቦታው ወልቆ በርካታ ጅማቶች ተበጠሱ። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በ2013 መለመለው፤ ለአንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሰለፍ በኅዳር 2014 ጫማውን ሰቀለ። ገና 23 ዓመቱ ነበር። ስለ ሁለቱ ወጣቶች ሳስብ ድፍረትን ወይም ጸሎትን መለኪያ ማድረግ በጣም ይከብደኛል። ላቲሞር ከቸብ ያነሰ አልደከመም። ያንድ ሰው ጉልበት ምን ያህል እንደተገነጠለ፣ ለስላሳ አጥንቱ ተርፎ እንደሆነ፣ ነርቩ ተነክቶ እንደሆነ የሚወስነው የወደቀበት ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚወስነው የቀረውን ነው። የተረፈውን ለሚያባክን ግን ሁለተኛ ዕድል የለም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ደግሞ ብዙ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ። የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ኤድሪያን ፒተርሰን በታኅሣሥ 2011 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ቀን ሁለት ጅማት ተበጠሰበት፤ ከስምንት ወር ተኩል ገደማ በኋላ ተመልሶ በ2012 የውድድር ዓመት 2,097 ያርድ ሮጠ፤ ለክብረ ወሰኑ 8 ያርድ ብቻ ቀርቶት የሊጉ ኮከብ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ የተጎዳ ሁሉ «ፒተርሰን ችሎታል» ይባላል። በብዙ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ተደምረው ሲታዩ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከመቶው 81ዱ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት፣ 65ቱ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው፣ 55ቱ ብቻ ወደ ውድድር ተመልሰዋል። አንድ ልጅ ዘግይቶ ቢመለስ ወይም ሳይመለስ ቢቀር ከብዙኃኑ ጋር ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም። ይህን ለልጁ መንገር ግዴታ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ልጅ በሌሊት ራሱን ሲወቅስ የሚሰማው የለም።

ከእኛም አንድ ልጅ አለ። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወልዶ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ አድጎ፣ በ16 ዓመቱ አርሰናል የወሰደው አማካይ ነው። በጥር 2014 በኤፍኤ ዋንጫ ከኮቨንትሪ ጋር ሲሰለፍ፣ አርሰን ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለቡድኑ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኛ አገር የኳስ ወዳጆች ለዋልያዎቹ ይጫወት ይሆን እያልን ስንጠብቅ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካዊ ዜግነት ወሰደ። በግንቦት 2017 በደቡብ ኮሪያ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ አሜሪካ ከኢኳዶር ጋር ሦስት ለሦስት በተለያየችበት የመክፈቻ ጨዋታዋ፣ ያ ትንሽ ጅማት ተበጠሰበት። የ20 ዓመት አማካይ ከአሰልጣኝ ዓይን የሚጠፋበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። ለአርሰናል በፕሪምየር ሊግ ሳይሰለፍ በ2019 ወደ ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ፣ ቀጥሎም ወደ ኒውዮርክ ሲቲ ሄደ። በዓለም ካሉ ክለቦች ምርጥ ሕክምና ካላቸው በአንዱ እጅ የነበረ ልጅ ነው። የጠፋበትን ጊዜ ግን ሐኪም አይመልስለትም፤ በእነዚያ ወራት ቦታውን ሌላ ይዞታል።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጉልበት ታሪኩ የተለየ ነው፤ በእሱ ምክንያት የሁለቱን ዓይነት ጉዳት ልዩነት ማስረዳት ይቻላል። በኅዳር 2010 የኒውዮርክ ማራቶንን ሲሮጥ አቋርጦ ወጣ። ምርመራው የጉልበቱ ጅማት መቆጣቱንና ውስጡ ፈሳሽ መጠራቀሙን አሳይቶ ነበር። በዚያው ቀን ጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፣ በቀጣዩ ዓመት ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን አሸነፈ። ውድድሩን በይፋ ያቆመው በ2015 ማንችስተር ላይ ነው። የሯጭ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በአንድ ቅጽበት ተበጥሶ አይደለም፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ተደጋጋሚ ጭነት ተቆጥቶ ነው። ጭነቱ ሲቀነስ፣ ጡንቻው ሲጠነክር ይመለሳል። የኃይሌ ታሪክ ለሯጮች መልካም ተስፋ ነው፤ መስቀለኛ ጅማቱ የተበጠሰበትን ኳስ ተጫዋች ግን በእሱ መለካት አይገባም።

ወደ ካራቆሬ ልመለስ። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው፤ በኳስ ቡድኖቻችንም ሜዳ የሚገባውን ባለሙያ ወጌሻ እያልን እንጠራዋለን። ወጌሻን መናቅ አልወድም። የወለቀ ጣትና የወለቀ ትከሻ የመለሰ፣ ሐኪም በሌለበት ዘመን ለገበሬው የደረሰ እጅ ነው። የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት ግን ከቦታው የወጣ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በመጎተትና በማሸት የሚመለስ የለም። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለው። ደም ከልክሎ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደረሰ እስር በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነው። ከወጌሻ ቤት መልስ ወደ ሆስፒታል ሲኬድ ራጅ ይነሣል፤ ራጁ ንጹሕ ይሆናል፣ ምክንያቱም ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። በዚህች ቃል ስንት ልጅ እንደተበላሸ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ሰው ይህን ሲሰማ ኤምአርአይ የለንም ይላል። ትልቁ ጉድለት እሱ አይደለም። ይህን ጅማት ለመፈተን ከሁሉ የታመነው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጻፈና በአሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም በጆን ላክማን ስም የሚጠራ የእጅ ምርመራ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ጉልበቱ ጥቂት፣ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፤ መርማሪው በአንድ እጁ ጭኑን አጽንቶ ይዞ በሌላኛው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛው ጉልበት ጥቂት ይሳባል፣ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተበጠሰበት ግን ለስልሶ ይከተላል፣ ማቆሚያ የለውም። ከዚያ ጤነኛው እግር ይፈተናል፣ ይነጻጸራል። መብራት አይፈልግም፣ ማሽን አይፈልግም፤ የሚፈልገው የተማረ እጅ ነው። ይህን የሚያውቅ አንድ ጤና መኮንን በየወረዳው ቢኖር፣ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ደሴ መላክ ያለበትና የሌለበት ልጅ በአንድ ቀን ይለያል። ወጌሻዎቹም ቢሠለጥኑ እመኛለሁ፤ ጉልበት መዳሰስ የለመደ እጅ ከማንም በፊት ይማረዋል።

ሁለተኛው ተስፋ የሚያስቆርጠው ነገር የቀዶ ሕክምናው ርቀትና ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያልሰማው ጥናት አለ። በስዊድን 121 ወጣቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ወዲያው ቀዶ ሕክምና አደረጉላቸው፤ ሌሎቹን በተጠና የጡንቻ ሥልጠና አስጀምረው፣ ጉልበቱ እየከዳ ያስቸገረው ብቻ በኋላ እንዲሠራለት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገኖች የጉልበት ሁኔታ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በሥልጠና ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥም ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም። ይህ ማለት ማንም ቢላ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ እግር እየተከለ በሚዞር ስፖርት ውስጥ መቆየት የሚፈልግ፣ ጉልበቱም የሚከዳው ሰው ያስፈልገዋል። አብዛኛው የቆላ ልጅ ግን ሥራውን፣ እርሻውን፣ ቤተሰቡን ይዞ እንዲኖር ጭኑን ማጠንከር ብቻውን ታላቅ ነገር ያደርግለታል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ቢሆንም፣ ሥልጠናው ካራቆሬ ይቻላል።

እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትልቁ ሥራ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። ተረከዝን በጥቅል ፎጣ ላይ አሳርፎ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድ መተው፤ ጭኑን አጥብቆ ሎሚውን ወደ ላይ መሳብና አሥር መቁጠር፤ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ። ጎበጥ ብሎ የቀረ ጉልበት ዕድሜ ልክ ያነክሳል። ከዚያ በሁለት እግር ቁጢጥ እያሉ መነሣት፣ ድንጋይ ወይም ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፣ ዓይን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም። ክብደት የሚጨመረው ማሽላ በተሞላ ማዳበሪያ ነው፤ ጂምናዚየም አያስፈልግም። ቆላው ስለሚሞቅ ጠዋት ማለዳ ይሻላል። ሩጫ የሚጀመረው እብጠት ጠፍቶ ጭኑ ሲሞላ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ነው፤ ዝላይ ከዚያ በኋላ፤ መዞርና መቁረጥ ከስድስተኛው ወር ወዲህ። ጉልበቱ በማግስቱ ካበጠ ሥራው በዝቷል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የጤነኞቹም ነገር አለ። በፊፋ የሕክምና ማዕከል የተዘጋጀ «11 ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ሥራ አለ፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኳስና ከሜዳ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ሩጫ፣ የሆድና የኋላ ጭን ጡንቻ ሥራ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጋድሉ ማረፍ። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም፣ ጉዳት በሲሶ ገደማ፣ ከባድ ጉዳት ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ሴቶች በተመሳሳይ ስፖርት ይህን ጅማት የመበጠስ አደጋቸው ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሴት ቡድን ያላቸው የስፖርት መምህራን ይህን ቢያስጀምሩ ምንኛ ደስ ባለኝ።

የመመለሻውን ቀን የሚቆርጠው ፈተናም በሜዳ ይሠራል። ልጁ በአንድ እግሩ ቆሞ ወደ ፊት ዘሎ በዚያው እግር ሳይወላገድ ያርፋል፤ ርቀቱ በሜትር ይለካል። ከዚያ በሌላኛው። የተጎዳው እግር የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት፤ ጤነኛው 150 ሳንቲ ሜትር ከዘለለ የተጎዳው 135 ይዘላል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ልጁ ወራት ሲቀመጥ ጤነኛው እግሩም ይደክማል፤ ሁለቱ እኩል ደካማ ሆነው ፈተናውን ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ አሰልጣኙ ልኬቱን ጉዳት ሳይመጣ፣ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ይያዘው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ የቀኝ ዝላዩ፣ የግራ ዝላዩ፣ ቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ዘጠኝ ወር ያልሞላው ወይም በደብተሩ ላይ ካለው የራሱ ቁጥር 90 በመቶ ያልደረሰ ልጅ ማሊያው ለሌላ ይሰጥና በወሩ እንደገና ይለካ።